ሰላይ የነበረው ደራሲ፦ ስለ ጆን ለ ካሬ የቀረቡ የአንባቢያን ጥያቄዎች

ባለፈው እትማችን ከስለላ ሥራ ወደ ድርሰት ስለተሻገሩ ጸሐፊዎች ባወጣነው አጭር ጽሑፍ ውስጥ የእንግሊዛዊውን ደራሲ የጆን ለ ካሬን ስም ካነሣን በኋላ፣ ከአገር ውስጥም ከውጭም ብዙ ደብዳቤ ደርሶናል። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርገን በዚህ ዓምድ እንመልሳለን። በመልሶቹ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በማሞ ውድነህ የስለላ ትርጉሞች ያደግሁ መምህር ነኝ። ጆን ለ ካሬ በእርግጥ ሰላይ ነበር ወይስ መጽሐፎቹ እንዲሸጡ የተወራ ወሬ ነው? ሰላይ ከነበረስ ምን ሠራ? (ከደሴ)

መልስ፦ በእርግጥ ሰላይ ነበር። ሆኖም እርስዎ ባነበቧቸው ታሪኮች ውስጥ እንዳሉት፣ በጠላት ከተማ መካከል የሌላ ሰው ስም ይዞ ተቀምጦ የጦር ምስጢር የሚያሾልክ ዓይነት ሰላይ አልነበረም። ትክክለኛ ስሙ ዴቪድ ጆን ሙር ኮርንዌል ሲሆን፣ በደቡብ እንግሊዝ በምትገኘው በፑል ከተማ በ1931 ተወለደ። ገና በ16 ዓመቱ አዳሪ ትምህርት ቤቱን ጥሎ ወደ ስዊዘርላንድ ሄደና በበርን ዩኒቨርሲቲ ጀርመንኛ ማጥናት ጀመረ፤ ለእንግሊዝ የስለላ ሰዎች የመጀመሪያዎቹን ጥቃቅን መልእክቶች ያመላለሰውም እዚያው በርን ሳለ ነው። በ1950 ለብሔራዊ ውትድርና ሲጠራ ቋንቋ ማወቁ ታይቶ ወደ ሠራዊቱ የመረጃ ክፍል ተመደበና ኦስትሪያ ተላከ። በዚያም ከምሥራቁ ወገን ድንበር አቋርጠው የሚመጡትን ሰዎች ይመረምር ነበር።

ከውትድርናው በኋላ በኦክስፎርድ ሊንከን ኮሌጅ ሲማር፣ ኤም አይ ፋይቭ ለተባለው የአገር ውስጥ የጸጥታ መሥሪያ ቤት በግራ ዘመም ተማሪዎች መካከል ጆሮ ጠቢ ሆኖ አገለገለ። በ1956 በከፍተኛ ማዕረግ ተመርቆ፣ ኢተን በተባለው ስመ ጥር ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ ካስተማረ በኋላ፣ በ1958 የኤም አይ ፋይቭ መደበኛ ሠራተኛ ሆነ። ሰው መመልመል፣ ምርመራ ማካሄድ፣ ስልክ መጥለፍ፣ በምስጢር ቤት መግባት የዚያ መሥሪያ ቤት የዕለት ሥራዎች ነበሩ። በ1960 ኤም አይ ሲክስ ወደተባለው የውጭ አገር የስለላ ድርጅት ተዛወረ፤ በወቅቱ የምዕራብ ጀርመን ዋና ከተማ በነበረችው በቦን በእንግሊዝ ኤምባሲ ሁለተኛ ጸሐፊ፣ ቀጥሎም በሐምቡርግ የፖለቲካ ቆንስል የሚል የሽፋን ማዕረግ ተሰጠው። በ1964 ሥራውን ለቆ ወጣ። በመደበኛ ሠራተኛነት ያሳለፈው ጊዜ ከስድስት ዓመት ብዙም አይበልጥም ማለት ነው።

እኔ በበኩሌ፣ መሥሪያ ቤቱ ለዚህ ሰው የሰጠው ትልቁ ስጦታ ምስጢር ነው ብዬ አላምንም። ኤም አይ ፋይቭ ሳለ የሚጽፋቸውን ሪፖርቶች የሚያነቡት በድሮው የላቲንና የግሪክ ትምህርት የተቀረጹ አለቆች ነበሩ። እነሱም ወረቀቱን የሚመልሱለት ኅዳጉ ላይ፣ ይህ ቃል ትርፍ ነው፣ ይህ ይውጣ፣ ይህን አስረዳ፣ በእርግጥ ይህን ማለትህ ነው? የሚሉ ማስታወሻዎች ጽፈውበት ነበር። በኋላ እንደተናገረው፣ እንደ እነዚያ አለቆች ጥብቅ የሆነ የመጽሐፍ አርታኢ በሕይወቱ አልገጠመውም። በዚያው ቢሮ አብሮት የሚሠራው ጆን ቢንጋም የተባለ ሰው ደግሞ የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲ ነበርና፣ መንግሥት ሠራተኛ ሆኖ መጽሐፍ መጻፍ እንደሚቻል በዓይኑ አየ። የመጀመሪያ ልብ ወለዱን የጻፈው ከሚኖርባት ከግሬት ሚሰንደን ወደ ለንደን ለሥራ በሚመላለስበት ባቡር ውስጥ፣ በትንንሽ ደብተሮች ላይ ነው። በ1961 የታተመው ይህ መጽሐፍ በድርሰቶቹ ሁሉ እጅግ የታወቀውን ገጸ ባሕርይ፣ አጭርና ወፍራም፣ መነጽራም፣ ልብሱ ልኩ ያልሆነውን ጆርጅ ስማይሊን ለዓለም አስተዋወቀ። ስማይሊ ከቢንጋምና ከኦክስፎርድ መምህሩ ከቪቪያን ግሪን ባሕርይ ተቀምሞ የተሠራ መሆኑን ደራሲው ራሱ ተናግሯል።

ጥያቄ፦ አንድ የስለላ ድርጅት በሥራ ላይ ያለ ሠራተኛው ስለ ስለላ መጽሐፍ እንዲያሳትም እንዴት ይፈቅዳል? በመጽሐፎቹ ውስጥ ያለውስ እውነተኛ ታሪክ ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የተፈቀደለት በሁለት ሁኔታ ነው፤ በራሱ ስም እንዳያሳትም፣ ረቂቁንም አስቀድሞ ለመሥሪያ ቤቱ እንዲያቀርብ። ጆን ለ ካሬ የሚለው የብዕር ስም የመጣው ከዚህ ነው። ስሙን ከየት እንዳገኘው በተጠየቀ ቁጥር፣ ለንደን ውስጥ በአውቶቡስ ሲያልፍ በአንድ ሱቅ ላይ ተጽፎ እንዳየው ለብዙ ዓመታት ይናገር ነበር፤ በኋላ ግን ይህ ራሱ የፈጠረው ታሪክ እንደሆነ ገልጿል።

ስለ እውነተኛነቱ ለመናገር ሦስተኛውን መጽሐፉን፣ ማለትም በ1963 የታተመውንና በአማርኛ ‹‹ከብርዱ የገባው ሰላይ›› ልንለው የምንችለውን ሥራ፣ ቀረብ ብሎ ማየት ይበጃል። በነሐሴ 1961 የበርሊን ግንብ መሠራት ሲጀምር ዴቪድ ኮርንዌል ቦን ነበር፤ ወደ በርሊን ሄዶም ግንቡን በዓይኑ አየ። መጽሐፉን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያስጻፈው ያ ያየው ነገር ያሳደረበት ቁጣና ሐዘን ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ አሌክ ሊማስ የተጸነሰው ደግሞ በለንደን አውሮፕላን ማረፊያ መጠጥ ቤት ውስጥ ነው። አርባ ዓመት ገደማ የሚሆነው አንድ የዝናብ ካፖርት የለበሰ ሰው ገባና፣ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ የብዙ አገር ሳንቲሞች ተደባልቀው ያሉበትን ጭብጥ ባንኮኒው ላይ ዘረገፈ፤ ውስኪውን አዝዞ ጠጣና ወጣ። በቃ፣ ይኸው ነው። ነገር ግን ከአገር አገር መንከራተት ያደከመውን፣ የየትኛው አገር ገንዘብ በኪሱ እንዳለ እንኳ የማይለየውን ሰው በዚያች ቅጽበት አገኘው።

መሥሪያ ቤቱ ረቂቁን መርምሮ ያሳለፈው ከዳር እስከ ዳር የፈጠራ ሥራ ነው፣ የሚያጋልጠው ምስጢር የለም በሚል ምክንያት ነበር። ጋዜጦችና አንባቢዎች ግን በተቃራኒው የተሸሸገ እውነት የሚገልጥ ሰነድ አድርገው ተቀበሉት። ደራሲውም በዚህ መካከል ተያዘ። እውነት አይደለም ብሎ ቢናገር ማንም አያምነውም፤ ሰላይ ነበርኩ ብሎ እንዳይናገር ደግሞ መሐላው ይዞታል። ስለዚህ ለብዙ ዓመታት ዲፕሎማት እንጂ ሌላ እንዳልነበርሁ እወቁልኝ ሲል ኖረ።

የቀድሞ ባልደረቦቹ ቁጣ ግን እውነተኛ ነበር። በዋሽንግተን የእንግሊዝ አምባሳደር ባደረጉት ግብዣ ላይ አንድ የኤም አይ ሲክስ ሰው በሰው ሁሉ ፊት ጮኾ ሰድቦታል። መልስ መስጠት የማይችሉ ሰዎችን በመጽሐፍ አዋርደሃል ነበር ክሱ። በዚህ ክስ ውስጥ እውነት አለ ብዬ አምናለሁ፤ የመንግሥት ምስጢር ጠባቂ ስሙን ለመከላከል አደባባይ መውጣት አይችልምና። ይሁን እንጂ ለ ካሬ የጻፈው ስለ ሰዎቹ ችሎታ ማነስ አይደለም። የጻፈው፣ ነጻነትን እንጠብቃለን የሚል መንግሥት ለዚያ ዓላማ ሲል ምንም ያላጠፋ ሰው መሥዋዕት ሲያደርግ ከጠላቱ በምን ይለያል የሚለውን ነው፤ ይህን ለመጠየቅ ደግሞ ከውስጥ የወጣ ሰው ያስፈልግ ነበር።

ጥያቄ፦ ጓደኞቹን ሲሰልል የኖረ ሰው ስለ ክህደት ሲጽፍ እንዴት እናምነዋለን? አባቱም አጭበርባሪ ነበሩ ሲባል ሰምቻለሁና ይህስ እውነት ነው? (ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ ሁለቱ ጥያቄዎችዎ አንድ ናቸው፤ በእኔ አመለካከትም የለ ካሬ ሥራ ሁሉ ሥሩ እዚህ ላይ ነው። አባቱ ሮኒ ኮርንዌል መልከ መልካም፣ አንደበተ ርቱዕና ለጋስ የሚመስል፣ ነገር ግን የሰው ገንዘብ እያታለለ የሚበላ ሰው ነበር፤ በመድን ማጭበርበር ተከሶ ታስሯል። አንድ ሰሞን በቅንጦት መኪና ይሄዳል፤ ሌላ ሰሞን አበዳሪዎች በር ያንኳኳሉ፤ በ1950 ደግሞ ለፓርላማ ተወዳድሯል። እናቱ ኦሊቭ ልጁ አምስት ዓመት ሲሆነው ቤቱን ጥላ ሄደች፤ ዳግመኛ ያያት በ21 ዓመቱ ነው። ሮኒ ልጁን ለራሱ ጉዳይ ያሰማራው ነበር። ገና በ16 ዓመቱ ከፓናማ አምባሳደር 500 ፓውንድ ተቀብሎ እንዲመጣ ብቻውን ወደ ፓሪስ ልኮታል። በሀብታም ልጆች ትምህርት ቤት ውስጥ የአባቱን ነገር ደብቆ፣ እንደ እነሱ እየተናገረና እንደ እነሱ እየለበሰ ያደገ ልጅ፣ ስለላ የሚጠይቀውን ሁሉ ተቀጥሮ ደመወዝ ከመብላቱ በፊት በቤቱ ተምሮታል።

በኦክስፎርድ በግራ ዘመም ጓደኞቹ መካከል ተቀምጦ የሚናገሩትን ለጸጥታው መሥሪያ ቤት ማቀበሉ እውነት ነው። አንድ የቅርብ ጓደኛው ይህን በኋላ ሲሰማ እጅግ አዝኗል፤ ለ ካሬም ድርጊቱ ያኔ አስፈላጊ ነበር ብሎ ይከራከር እንጂ ጸጸቱ እንዳልተለየው ተናግሯል። በእኛ አገር በሠፈሩም በዩኒቨርሲቲውም በጆሮ ጠቢ ምክንያት ወዳጅ ከወዳጅ የተለያየበትን ዘመን የሚያስታውስ አንባቢ ይህን ቀላል ነገር ነው ብሎ ሊያልፈው አይችልም፤ ማለፍም የለበትም።

የእርሱ መጽሐፎች ታማኝ የሚሆኑት ግን እጁ ንጹሕ ስለሆነ አይደለም። ኪም ፊልቢን እንውሰድ። ፊልቢ በኤም አይ ሲክስ ውስጥ ሶቪየት ኅብረትን የሚከታተለውን ክፍል የመራ፣ በዚያው ጊዜ ግን ለሞስኮ የሚሠራ፣ በሁለት ቢላ የሚበላ ሰው ነበር። በጥር 1963 ከቤይሩት ተሰውሮ ሞስኮ ገባ፤ ለሶቪየቶች አሳልፎ ከሰጣቸው ስሞች መካከል የዴቪድ ኮርንዌል ስም እንደነበረበትም ይታመናል። ለ ካሬ በ1974 ባሳተመው ‹‹ቲንከር ቴይለር ሶልጀር ስፓይ›› ውስጥ ያለው ከሃዲ ቢል ሄይደን በፊልቢ አምሳል የተቀረጸ ነው። በዚያ መጽሐፍ የሚያስደንቀኝ፣ ሄይደን እንደ ጭራቅ አለመቀረቡ ነው። ሁሉም የሚወደው፣ ጨዋታ አዋቂ፣ የጓደኞቹ መመኪያ ነው። ስማይሊ ማስረጃውን እየሰበሰበ ወደ እርሱ ሲቀርብ ደስ አይለውም፤ ልቡ ቀድሞ የሚያውቀውን ነገር ሲገፋ የኖረ ሰው ይመስላል። ደራሲው ሮኒን የመሰለ አባት እየወደደና እየፈራ ባያድግ ኖሮ ከሃዲን በዚህ ሁኔታ መሳል ይችል ነበር ብዬ አላስብም። በ1987 ወደ ሞስኮ በሄደ ጊዜ ከፊልቢ ጋር እንዲገናኝ ተጋብዞ አሻፈረኝ ማለቱም ይታወቃል።

አባቱን በቀጥታ የጻፈበት መጽሐፍ በ1986 የታተመው ‹‹ፍጹም ሰላይ›› ነው። ሮኒ በ1975 ሲሞት ልጁ የቀብሩን ወጪ ከፍሎ በቀብሩ ላይ አልተገኘም። ከዚያም 11 ዓመት ቆይቶ፣ ከአጭበርባሪ አባት የተወለደ ሰላይ ሁሉንም እየወደደ ሁሉንም ሲከዳ የሚያሳየውን ይህን ታሪክ አወጣ። ከሥራዎቹ ሁሉ አስበልጬ የምወደው እርሱን ነው።

በግል ሕይወቱም ይኸው ድርብነት አልለቀቀውም። ሁለት ጊዜ አግብቶ አራት ወንዶች ልጆች የወለደው ለ ካሬ በትዳሩ ላይ ለብዙ ዓመታት ሌሎች ግንኙነቶች እንደነበሩት፣ የሕይወት ታሪኩን የጻፈው አዳም ሲስማን ደራሲው ካለፈ በኋላ በ2023 ይፋ አድርጓል። ይህን ሳንሸፍን መናገር ተገቢ ነው። ሁለተኛ ሚስቱ ጄን በእጁ የሚጽፈውን ሁሉ በታይፕ እየመታች፣ እያነበበችና እየተወያየችበት ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል የሥራው ተካፋይ ነበረችና፣ ስሟ ከመጽሐፎቹ ጋር አብሮ መነሣት ይገባዋል።

ጥያቄ፦ ስለ አፍሪካ የጻፈው አለ ይባላል። የቀዝቃዛው ጦርነት ሲያበቃ የሚጽፈው አላጣም? (ከናይሮቢ)

መልስ፦ በ1989 የበርሊን ግንብ ሲፈርስ አበቃለት ያሉት ተቺዎች ነበሩ። እርሱ ግን ዓይኑን ወደ መሣሪያ ነጋዴዎች፣ ወደ ባንኮችና ወደ መድኃኒት ኩባንያዎች አዞረ። እርስዎ በሚኖሩባት ከተማ የሚጀምረው መጽሐፍ በ2001 የታተመው ‹‹የማይታክተው አትክልተኛ›› ነው። አንድ የመድኃኒት ኩባንያ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒትን በኬንያ ድሆች ላይ ሲሞክር የሚደርሰውን ጉዳት ልታጋልጥ የተነሣች አንዲት ሴት፣ ሰሜናዊ ጫፉ ወደ አገራችን በሚዘልቀው በቱርካና ሐይቅ አካባቢ ትገደላለች፤ አትክልት ከመኮትኮት በቀር በምንም ነገር እጁን የማያስገባው ዲፕሎማት ባሏ የሞቷን ምክንያት ፍለጋ ይነሣል። መጽሐፉን በ1999 አልባኒያ ውስጥ በመኪና አደጋ ለሞተችው ለፈረንሳዊቷ የእርዳታ ሠራተኛ ለኢቬት ፒየርፓኦሊ መታሰቢያ አድርጎታል። በመጨረሻው ማስታወሻም፣ ከእውነታው ጋር ሲነጻጸር የጻፈው ታሪክ ለሽርሽር የሄደ ሰው እንደሚልከው ፖስት ካርድ የለዘበ መሆኑን ገልጿል። በ2005 ፊልም ሲሆን ከፊሉ የተቀረጸው ኪቤራ በተባለው የናይሮቢ የድሆች ሠፈር ነው፤ ራሄል ቫይስም በዚሁ ሥራ ኦስካር አግኝታበታለች። ስለ ኮንጎም በ2006 አንድ ልብ ወለድ ጽፏል።

እንደ እኔ አመለካከት በእነዚህ የኋለኞቹ ሥራዎች ቁጣው አንዳንድ ጊዜ ገጸ ባሕርያቱን ይጫናቸዋል፤ ክፉዎቹ ክፉ ብቻ፣ ደጎቹም ደግ ብቻ ይሆናሉ። የናይሮቢው መጽሐፍ ከዚህ የዳነው ባልየው ስላለ ነው።

ጥያቄ፦ በመንግሥት የጸጥታ ሥራ ላይ ረጅም ዘመን አገልግዬ በጡረታ ላይ ያለሁ ሰው ነኝ። ልጆቼ ያየኸውን ጻፈው ይሉኛል። ከዚህ ደራሲ ለእኔ የሚሆን ምን ምክር አለ? (ስሜ አይጠቀስ ያሉ አንባቢ)

መልስ፦ አባታችን፣ መጀመሪያ የሚነሣው የመሐላዎ ጉዳይ ነው። ለ ካሬ ገና ሠራተኛ ሳለ ረቂቁን አቅርቦ አስፈቅዷል፤ እርስዎም ከማሳተምዎ በፊት የትኛው ነገር አሁንም በምስጢር የተያዘ እንደሆነ ያገለገሉበትን መሥሪያ ቤትና የሕግ ባለሙያ ቢያማክሩ መልካም ነው። በምስጢር መረጃ ያቀበልዎት ሰው በሕይወት ካለ፣ ወይም ልጆቹ ካሉ፣ በስም ለውጥ ብቻ የማይሸፈን ነገር አለ። ሠፈሩ፣ ሙያውና የቤተሰቡ ሁኔታ ያሳብቁበታል።

ከዚያ በተረፈ ግን እባክዎ ይጻፉ። ለ ካሬ ታላላቅ ክንውኖችን አልዘገበም። የጻፈው የመዝገብ ቤቱን ሽታ፣ የቢሮውን ሽኩቻ፣ የአለቃና የምንዝሩን መፈራራት፣ ሻይ እየተጠጣ የሰው ዕጣ የሚወሰንበትን ስብሰባ ነው። እርስዎም ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። አንድ ሰው ሲመረመር ከመናገሩ በፊት እጁን ምን ያደርገዋል? ለባለቤትዎ ዛሬ የት ዋልክ ሲሉዎት ምን ብለው ይመልሱ ነበር? የዚህ ዓይነቱን ነገር ማንም መዝገብ አልያዘውም።

ስለ ቦታ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ለ ካሬ ‹‹ቲንከር ቴይለር››ን ሲጽፍ የሆንግ ኮንግን የባሕር መሻገሪያ ጀልባ የሚመለከተውን ትዕይንት ያዘጋጀው ከጉዞ መምሪያ መጽሐፍ ተመልክቶ ነበር። ወደ ከተማዪቱ ሲሄድ በባሕሩ ሥር የመኪና መተላለፊያ ዋሻ ተሠርቶ አገኘው። ከዚያ በኋላ ያላየውን ቦታ ላለመጻፍ ለራሱ ቃል ገባ፤ ለቀጣዩ መጽሐፉ ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ፣ በኋላም ስለ ፍልስጤማውያን ለመጻፍ ወደ ቤይሩት ሄዶ ያሲር አራፋትን አግኝቷል። እርስዎም የሠሩበት ከተማ ዛሬ ተለውጦ ይሆናልና፣ የሚጽፉት በዚያን ዘመን የነበረውን ከሆነ በዚያን ዘመን የነበሩ ሰዎችን ያነጋግሩ።

ጥያቄ፦ ካልጠፋ መጽሐፍ ከየትኛው ልጀምር? አሁንስ በሕይወት አለ? (ከቴል አቪቭ)

መልስ፦ ጆን ለ ካሬ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ በኮርንዎል በ89 ዓመቱ በታኅሣሥ 2020 በሳንባ ምች አረፈ፤ ጄንም ከጥቂት ወራት በኋላ ተከተለችው። የተዋቸው ልብ ወለዶች 26 ናቸው። የመጨረሻውን ረቂቅ ደራሲ የሆነው ልጃቸው፣ ኒክ ሃርካዌይ በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው፣ አዘጋጅቶ በ2021 አሳትሞታል፤ በ2024 ደግሞ ስማይሊን መልሶ ያመጣ አዲስ ልብ ወለድ ራሱ ጽፏል።

ሲጀምሩ ‹‹ከብርዱ የገባው ሰላይ››ን ያንብቡ፤ አጭር ነው፣ ቋንቋውም ቀጥተኛ ነው። መጨረሻውን ማንም አስቀድሞ እንዳይነግርዎት ይጠንቀቁ፤ ፊልሙንም ከመጽሐፉ በፊት አይዩ። ‹‹ቲንከር ቴይለር›› ሁለተኛ ይሁን። በመጀመሪያዎቹ 50 ገጾች ስሞቹ ይደባለቁብዎታል፤ በወረቀት ላይ ማን የማን አለቃ እንደሆነ እየጻፉ ቢሄዱ ይቀልልዎታል። ‹‹ፍጹም ሰላይ››ን ግን ረጅምና ዘመኑ ወደኋላና ወደፊት የሚመላለስ ስለሆነ፣ ሌሎቹን ካነበቡ በኋላ ጊዜ ሲኖርዎት ይያዙት።